ከዐሥራ አምስት ዓመት በታች

መጽሐፍ እንዲመረምሩ ከተሰየሙት አምስት ሰዎች ዐይነ ስውር የሆኑት አንድ ሰው ብቻ ናቸው። መጽሐፎቹ ይነበቡ ብለው የጠየቁትም እሳቸው ብቻ ናቸው። የቀሩት ሥዕሉን አይተው ጨርሰዋል።

እኔ ከአምስቱ አይደለሁም። የትምህርት ቤቱ ንብረት ክፍል ነኝ። ንብረት ክፍል ማለት እኛ ዘንድ ጠመኔ፣ አካፋ፣ እግሩ የተሰበረ ወንበርና ሁለት መደርደሪያ መጽሐፍ የሚጠብቅ ሰው ነው። የገባሁት በዘበኝነት ነው። ጽሕፈቱ ያምራል ስለተባልኩ ቃለ ጉባኤ የምይዘውም እኔ ሆንኩ። ቃለ ጉባኤ ያዥ ድምፅ የለውም፤ የተባለውን ይጽፋል፣ ያስፈርማል፣ ወደ መጋዘኑ ይመለሳል። ደሳለኝ እባላለሁ።

ስለ አመተ ማርያም አስቀድሜ ልናገር፤ ነገሩ ሁሉ የእሷ ነውና። የእኩያዬ የዋለ ልጅ ናት፤ ሰባተኛ ክፍል። በኅዳር ሚካኤል ማግስት የተዋሰችውን መጽሐፍ ልትመልስ መጣች። ገና የሁለት ሳምንት ጊዜ ነበራት።

«ጨረስሽው እንዴ?» አልኳት።

«አልጨረስኩትም።»

«ታዲያ ያዥው እንጂ።»

«ከጥምቀት ወዲያ አልመጣም፣ ጋሼ። ጠፋብኝ እንዳይሉ ብዬ ነው።»

ሰርጉ ለጥር ሃያ ሦስት ተቆርጧል። ሙሽራው የስማዳ ሰው ነው፤ ሠላሳ ዓመት ይሆነዋል፤ አራት በሬ አለው ይባላል። ይህን ስትነግረኝ አላለቀሰችም። የምትናገረው የሌላ ሰው ዕቃ እንደምትመልስ ሰው ነበር።

ለየትናየት ነገርኳት። የትናየት የቀበሌያችን ጤና ኤክስቴንሽን ናት፤ መካነ ኢየሱስ ከተማ ያደገች የእስቴ ልጅ፣ እግሯም ምላሷም ፈጣን። ጉዳዩ ወደሚመለከተው ቢሮ ሄደች። ቢሮው ለቀበሌ ጻፈ፣ ቀበሌው ወረቀት አወጣ። ወረቀቱ «የወይዘሪት አመተ ማርያም ዋለ ዕድሜ ዐሥራ ስምንት ዓመት መሆኑ በሃይማኖት አባት ምስክርነት ተረጋግጧል» ይላል። ክብ ማኅተም አለው። ሁለተኛ ሄደች።

«ሌላ ማስረጃ አለሽ?» አሏት።

«ልጅቷን አይታችኋታል?»

«እኛ የምናየው ወረቀት ነው።»

ተመልሳ መጋዘኔ በር ላይ ቆመች። ጫማዋ ላይ የሁለት ጉዞ አቧራ ነበር። «ጋሽ ደሳለኝ፣» አለችኝ፣ «አንድ ነገር ልስበር። የማይጠቅም ነገር ካለህ ስጠኝ።» የተሰበረውን ወንበር አሳየኋት። ስታየው ሳቀች፤ ቀጥላ ተናደደች፤ ቀጥላ ወደ ሥራዋ ሄደች።

መጽሐፎቹ የመጡት በዚህ መሀል ነው። ሦስት ዓይነት ናቸው። አረንጓዴው ለትንንሾቹ፣ ሰማያዊው ከዐሥር እስከ ዐሥራ አራት ዓመት፣ ቢጫው ከዚያ በላይ ላሉ፤ ይህ በየሽፋናቸው ላይ በትልቁ ተጽፏል። አብሮ የመጣው ደብዳቤ «በዕድሜ የተመጠኑና ማንንም ያላገለሉ የቤተሰብ ጤና መጻሕፍት» ይላቸዋል፤ የአካባቢው ኮሚቴ መርምሮ ለማን እንደሚሰጡ ይወስን ይላል። ኮሚቴ ደግሞ አናጣም።

ታኅሣሥ አሥራ ስምንት ቀን፣ ማክሰኞ፣ ሰባተኛ ክፍል ውስጥ ተሰበሰቡ። ሰብሳቢው ዋለ ነው፤ የወላጆች ኮሚቴ ሊቀ መንበር ስለሆነ። ከአውድማ ነው የመጣው፤ ፀጉሩ ላይ የገብስ እብቅ ነበር። እኩያዬ ነው፤ አብረን ከብት ጠብቀናል፤ አንተ ነው የምንባባለው። ከጎኑ ርዕሰ መምህሩ ኢዮብ፤ ማኅተሙን በኪሱ ይዞ የሚዞር፣ ለማንም እሺ የሚል ሰው። የሴቶችን ወገን ወክላ ወይዘሮ ውብነሽ፤ የዚህን አገር ልጅ ግማሹን የተቀበለች አዋላጅ። የትናየት። ቤተ ክርስቲያንን ወክለው ደግሞ የኔታ ቀለመ ወርቅ፤ ከቤተልሔም ደብር ጉባኤ ቤት የወጡ የቅኔ መምህር፣ ዐይናቸው በፈንጣጣ የጠፋ፣ እጃቸው በተማሪ ትከሻ ላይ የማያርፍ። መንገዱን ለብቻቸው ያውቁታል።

ዋለ ሰማያዊውን ገለጠ። አምስት ልጃገረዶች ተሥለዋል፤ አንዷ በሁለት ክራንች የቆመች ናት።

«አራቱስ ይሁኑ፣» አለ። «ይቺን አንካሳዋን ምን ቀላቀላት?»

«እሷም ታድጋለቻ፣» አለች የትናየት።

«አድጋ ምን ልትሆን?»

«የወር አበባ ታያለች። ክራንች አያስቆመውም።»

ርዕሰ መምህሩን ሳል ያዘው። ውብነሽ ነጠላዋን ወደ አፏ ሰብሰብ አደረገች፤ ከሥሩ ትስቅ ይሁን ትቈጣ አልታየኝም። ዋለ ገጹን ገለበጠ፣ ሌላውን ገለበጠ፣ ስምንተኛው ገጽ ላይ ሲደርስ መጽሐፉን በአፉ ደፋው።

«በቃ። ይኼ ለልጅ የሚሰጥ አይደለም። ጻፍ፣ ደሳለኝ።»

«ምን ልጻፍ?» አልኩ።

«አይሆንም ብለህ ነዋ።»

የኔታ በትራቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋደሙ። «እኔ ሥዕሉን አላየሁም። ይነበብልኝ።»

«የኔታ፣ ለእርስዎ ጆሮ የሚሆን ነገር አይደለም።»

«አሁን ለልጅ ዐይን አይሆንም አልክ። ለሽማግሌ ጆሮም አይሆንም። ለማን ብለው ነው ታዲያ የጻፉት?»

«እኔ ምን አውቃለሁ፣ የኔታ።»

«እኮ። ይነበብ፣ እንወቅ።»

መጽሐፉ መዞር ጀመረ። ዋለ ለርዕሰ መምህሩ ሰጠ። ርዕሰ መምህሩ ዲግሪ አለው፤ መነጽሬን ረስቻለሁ ብሎ ለየትናየት አቀበለ። የትናየት ስትገልጥ ዋለ ተቀበላት፤ ሴት ልጅ ይህን በየኔታ ፊት አታነብም ብሎ ለውብነሽ ሰጠ። ውብነሽ ሴት መሆኗን ያስታወሰው ከሰጣት በኋላ ነው። «ፊደል አልቈጠርኩም፣» አለች ውብነሽ፣ «ግን ያለውን ሳልቈጥረው አውቀዋለሁ።» በመጨረሻ ድምፅ የሌለው ሰው ዘንድ መጣ። አነበብኩ።

አንድ ሰዓት ፈጀ። የወር አበባ በሽታም እርግማንም አይደለም ይላል። ጨርቁ እንዴት እንደሚታጠብና ለምን ፀሐይ ላይ እንደሚሰጣ ይናገራል። የወንድ ልጅ ድምፅ ለምን እንደሚሰነጠቅ ይናገራል። ያለ ፈቃድሽ የሚነካሽ ሰው ቢኖር፣ ዘመድሽም ቢሆን፣ ለማን መንገር እንዳለብሽ ይናገራል። መስማት የማይችል ልጅ ይህንኑ በምልክት እንዴት እንደሚነገረው የሚያሳይ ገጽ አለው። የኔታ ቅኔ እንደሚሰሙ ሆነው፣ አንገታቸውን ወደ ቀኝ ዘመም አድርገው አዳመጡ። አልፎ አልፎ «ድገመው» ይላሉ፤ እደግማለሁ። ስደግም ዋለ መስኮት ያያል።

ስጨርስ የኔታ አንገታቸውን አቀኑ። «ነገሩ ልክ ነው፤ አማርኛው ቀጥኗል፣» አሉ። «ይህን ሁሉ ሙሴ ሕዝብ ሰብስቦ በአደባባይ ተናግሮታል። እኔ የሰማሁት በዐሥራ አንድ ዓመቴ ነው። ቤተልሔም ላይ ማንም ጆሮዬን አልደፈነም። ለማያይ ልጅ ደግሞ ጆሮው ነው ያለው። ለሁሉም ይነበብ።»

«የኔታ፣ እርስዎ ሊቅ ነዎት፣» አለ ዋለ። «እነዚህ ልጆች ናቸው። ዐሥራ ሦስት፣ ዐሥራ አራት ዓመት ልጅ ምን ያውቃል? ሕፃን እኮ ነው። የሕፃን ልብ አይነካም።»

የትናየት ቀና አለች። እኔም ብዕሬን አቆምኩ። ዋለ ይህን ሲል ፊቱ ላይ ምንም አልነበረም። ውሸታም ፊት ብፈልግ አጣሁ።

«አይሰጥ የምትሉ እጅ አውጡ፣» አለ። የእሱና የርዕሰ መምህሩ እጅ ወጣ። ውብነሽ ሰብሳቢውን አየችና እጇን እስከ ትከሻዋ ብቻ አነሣች፤ ተቈጠረ። የትናየትና የኔታ ተቃወሙ። ሦስት ለሁለት። በገዛ እጄ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «ከዐሥር እስከ ዐሥራ አራት ዓመት ላሉ ልጆች የሚለው ሰማያዊው መጽሐፍ ከዐሥራ አምስት ዓመት በታች ላለ ለማንኛውም ልጅ እንዳይሰጥ ተወስኗል።» ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ትክክል ነበር። የተባለው ይህ ነው።

«ከዐሥራ አምስት በታች ያሉትን በምን እለያቸው?» አልኩ። «መጋዘኑ የኔ ነው። ለማን ልከልክል?»

«መዝገቡ አለ አይደል፣» አለ ዋለ።

ርዕሰ መምህሩ መዝገቡን እያየ ጆሮው ቀላ። መዝገባችን ላይ አንደኛ ክፍል የገባ ሁሉ ሰባት ዓመቱ ነው፤ ጢም ያበቀለውም፣ ንፍጡን ያልጠረገውም። ከዚያ በየዓመቱ አንድ አንድ ይጨመርለታል። ማንም አላምንበትም ማለት አልፈለገም።

«ስም ዝርዝር ይሠራ፣» አለች የትናየት። ድምፅዋ ለስላሳ ነበር፤ እንደዚያ ሲለሰልስ ሰምቼ አላውቅም። «ጋሽ ዋለ እንዳሉት ሕፃናቱን እንጠብቅ ካልን፣ ሕፃናቱ እነማን እንደሆኑ በስም ይጻፍ። ኮሚቴው ይፈርምበት።»

«መልካም፣» አለ ዋለ። «አሁን ሰው ሆንሽ።»

በእኛ አገር የልጅ ዕድሜ የሚታወቀው እንዲህ ነው። እናት ዓመተ ምሕረት አትቈጥርም፤ ወንጌላዊውንና ወቅቱን ታውቃለች። በማርቆስ፣ ምስር ሲወቃ። በሉቃስ፣ በጽጌ ጾም። አራቱ ወንጌላውያን ዓመቱን በየተራ ይይዙታል፣ ዮሐንስ ሲጨርስ ማቴዎስ ይጀምራል። ውብነሽ ወንጌላዊውንና ወቅቱን ትናገራለች፤ ያላዋለደችው ጥቂት ነው። የኔታ ደግሞ ጣታቸውን በጣታቸው ላይ እየነኩ «ዐሥራ ሦስት ከሁለት ወር»፣ «ዐሥራ ስድስት» ይላሉ። እኔ እጽፋለሁ።

ገና ስንጀምር ዋለ እጁን አነሣ። «የኔን ልጅ አስቀድም። ሰብሳቢ ከራሱ ቤት ይጀምራል። አመተ ማርያም ዋለ። በማቴዎስ፣ በጥቅምት፣ ገብሱ ሳይታጨድ። ዐሥራ አራት ሞላት። ይህን መጽሐፍ እጇ ላይ ባይ እጇን ነው የምቆርጠው።»

ከቀሩት አራቱ ለሰርጉ ያልተጠራ የለም። ርዕሰ መምህሩ ስለ ጫማው ማሰብ ጀመረ። ውብነሽ ነጠላዋን ወደ አፏ ሰበሰበች፤ አሁን እንደማትስቅ አወቅሁ። ያን ጊዜ ነው ሰውዬው የገባኝ። ዋለ አልዋሸም። ዐሥራ ስምንቱ ለቢሮ የሚለበስ ኮት ነው፤ ቤት ሲገቡ ይወልቃል። ኮት ለብሶ የሚያድር ሰው አለ?

«የትኛው ማቴዎስ ልበል?» አልኩት።

«የሁለት ሺህ አንድ ነዋ። ሌላ ማቴዎስ ከየት መጣ?»

ጻፍኩ። ከአምስተኛ እስከ ስምንተኛ ክፍል፣ ሠላሳ ሰባት ስም ሆነ። ቃለ ጉባኤውን ከላይ እስከ ታች አነበብኩላቸው። ሦስቱ ፈረሙ፤ ውብነሽና የኔታ አውራ ጣታቸውን ቀለም ነክረው አተሙ። ርዕሰ መምህሩ ማኅተሙን ከኪሱ አወጣ፣ ተነፈሰበት።

«የኔታ፣» አለች የትናየት፣ «እርስዎ ያልተነበበ ነገር አይወዱም። አንድ ወረቀት ቀርቷል። ጋሽ ደሳለኝ ያንብብልዎ።» ከቦርሳዋ አውጥታ ሰጠችኝ። የቀበሌው ወረቀት ቅጂ ነው።

አነበብኩ። ዕድሜዋ ዐሥራ ስምንት ዓመት፣ በ1997 ጥቅምት የተወለደች፣ በሃይማኖት አባት ምስክርነት። «የመስካሪው የጣት አሻራ» የሚል አለ። ከሥሩ ስም አለ። ስሙን አነበብኩት፦ የኔታ ቀለመ ወርቅ።

የኔታ «ድገመው፣» አሉ።

ደገምኩት።

«ጣቴ አለበት?»

«አለበት፣ የኔታ።»

«የቀበሌ ሰዎች መጥተው የጠየቁኝ በየትኛው ወንጌላዊ ተወለደች ብለው ነው። ማቴዎስ አልኳቸው። ጥምቀቷ ቀን ነበርኩ፤ ድምፅዋን ሰምቻለሁ። ማቴዎስ ናት። ጣቴን ያዙ፣ ነከሩ፣ አተሙ። ምን ይላል አላልኩም።» ድምፃቸው ከፍ አላለም። «ከማቴዎስ እስከ ማቴዎስ አራት ዓመት ነው። በእኔ ጣት የልጅቷን አራት ዓመት በላችሁት።»

ዋለ ተነሣ። «የኔታ፣ ይኼ የቤቴ ነገር ነው።»

«ቁጭ በል። እኔም የጣቴን ነገር ነው የምናገረው። ዐሥራ አራት ያልከው አንተ ነህ፣ አሁን፣ በአፍህ። ለመጽሐፍ ሕፃን ናት። ለስማዳው ሰው ለአልጋው ሴት ናት። በየትኛው ሰዓት ነው የምታድገው? ዳሱ በር ላይ?»

«እርስዎ መንገዱን አያውቁትም፣» አለ ዋለ። ድምፁ ተሰነጠቀ። «ትምህርት ቤት ስትመጣ በገደሉ ሥር ነው የምታልፈው። አምና የገብረ ኢየሱስን ልጅ ከዚያ ነው ጠልፈው የወሰዷት። ወስደው ሦስተኛ ቀን መለሷት። ዛሬ ማን ያነሣታል? አባቷ ገበያ መውጣት ትቷል። እኔ ያለችኝ አንዲት ሴት ልጅ ናት። ባለ በሬ፣ ባለ አገር ሰው አገኘሁላት። ሳይወስዷት ሰጠሁ። ምን አጠፋሁ?»

ይህን ሲል ከልቡ ነበር። ከልቡ መሆኑ ነው ያናደደኝ። ውሸት ቢሆን ይቀለኝ ነበር።

«ገደሉ ሥር በሚያደቡት ሰዎች ላይ ስንት ስብሰባ ጠርተሃል?» አለች የትናየት። «ሰብሳቢ አይደለህ? በአንድ መጽሐፍ ላይ ግማሽ ቀን ተሰበሰብን። በገደሉ ላይ መቼ ነው የተሰበሰብነው?» አንቱ ማለቱን ትታዋለች። እሷም አላወቀችው፣ እሱም አልገሠጻትም።

ውብነሽ ነጠላዋን ከአፏ ላይ አነሣች። «እኔም መንገድ ላይ እንዳልወሰድ ተብዬ ነው የተዳርኩት፣» አለች። ማንንም አታይም፤ ጥቁር ሰሌዳውን ነበር የምታየው። «ከተዳርኩ በሰባት ወር ደም አየሁ፤ የመጀመሪያዬ። የምሞት መሰለኝ። ነዶ ክምር ሥር ገብቼ ዋልኩ። ያገኘኝ ባሌ ነው። ሳቀ። ሄዶ ለወንድሞቹ ነገራቸው፤ እነሱም ሳቁ። ከዚያ ወዲህ መቶ ሃያ ልጅ አዋልጃለሁ። ክፍሉ ውስጥ ወንድ ሲስቅ ከሰማሁ አስወጣዋለሁ።» ወደ እኔ ዞረች። «ደሳለኝ፣ እጄን ያነሣሁት በስሕተት ነው። ፊርማዬን መልስልኝ።»

«ከተፈረመ አይመለስም፣» አለ ርዕሰ መምህሩ። በስብሰባው ያለው ብቸኛ ቁርጥ ቃል ይህ ነው።

«ተዪው፣ እህቴ፣» አሉ የኔታ። «ውሳኔው ክፉ ነው፤ ዝርዝሩ ግን እውነት ነው። አንዱ ከፈረሰ ሌላውም ይፈርሳል። ዛሬ ዝርዝሩ ይቁም።»

ዋለ የሰማው ከሁሉም በላይ ይህን ነው። ወደ ጠረጴዛዬ መጣ። እብቁ ከፀጉሩ ወረቀቴ ላይ ረገፈ። «ደሳለኝ፣ አስተካክለው። ዐሥራ ስምንት በል።»

«ዐሥራ ስምንት ካልኩ ከዝርዝሩ ትወጣለች።»

«ትውጣ።»

«ከወጣች መጽሐፉ ይሰጣታል።»

አሰበ። በሬ ገበያ ላይ እንደሚያስብ አሰበ፤ ጥርሱን ዐይቶ፣ ሰኰናውን ዐይቶ። እጇን እቆርጣለሁ ካለ አንድ ሰዓት አልሞላውም።

«ይሰጣት፣» አለ።

ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቀው ሰው ነው። ተኩላ አብረን አባረናል። ያን ጊዜ ግን በእጄ የያዝኩት ብዕር መሆኑ ለሁለታችንም ደግ ሆነ። «ቃለ ጉባኤ አይሰረዝም፣» አልኩት። «ርዕሰ መምህሩ አሁን ተናግሯል።»

«አንተ ዘበኛ።»

«አዎ።»

«ዋለ፣» አሉ የኔታ፣ «ሰርጉን አድርግ። እኔን አልጠራኸኝም አልልም፤ ተጠርቻለሁ፤ እመጣለሁ። ዳሱ መሀል እቆምና ከማቴዎስ እስከ ማቴዎስ እቈጥራለሁ። ለሙሽራው ሰዎችም፣ ለሚዜዎቹም፣ ድምፄ እስኪጠፋ እቈጥራለሁ። እንዴት አድርገህ እንደምታስወጣኝ አስብበት። ዕውር ሰው ከዳስ ሲጎተት ጥሩ አይመስልም።»

ከዚያ ራሳቸውን ወደ ርዕሰ መምህሩ አዞሩ። «መምህር ኢዮብ፣ ማኅተም ወረቀት ላይ ሲወድቅ ድምፅ አለው። እስካሁን አልሰማሁም።»

ርዕሰ መምህሩ ማኅተሙን እንዳንጠለጠለ ነበር። ቀለሙ ሳይደርቅ አልቀረም አለ። የትናየት ቀለሙን አስጠጋችለት። ሰብሳቢውን አየ፤ ሰብሳቢው በሩን ያያል። መታ።

«አሁን ሰማሁ፣» አሉ የኔታ።

የትናየት ዝርዝሩን ይዛ በማግሥቱ ሄደች። ከዝርዝሩ ጋር የኔታ የቀድሞውን ምስክርነት ለማረም በቃላቸው አስጽፈውኝ፣ ሦስት ጊዜ አስነብበውኝ፣ ጣታቸውን ያተሙበት ወረቀት ነበር። ቢሮው ያለው ሰው ሁለቱን አስተያይቶ «ይህን አስቀድመሽ ብታመጪው ኖሮ ምን አለበት» አላት። ምን ብላ እንደመለሰች ነግራኛለች፤ አልጽፈውም፣ ልጆች ያነቡታል። ቀበሌው ማስጠንቀቂያ ደረሰው። የስማዳዎቹ ሽማግሌዎችም በገና ማግስት መጡ፤ ዋለን ከማነጋገራቸው በፊት የኔታን አነጋገሩ። ከየኔታ ጎጆ ሲወጡ ወደ ዋለ ቤት አልታጠፉም፤ ቀጥታ ወደ አገራቸው ነው የወረዱት።

አመተ ማርያም ከጥምቀት ወዲያ መጣች። አባቷ አያናግራትም። እኔንም ሰላም አይለኝም፤ በመጋዘኑ በር ማለፍ ትቶ በአጥሩ ዞሮ ይሄዳል። አጥሩ ላይ እሾህ አለ፤ ምርጫው የራሱ ነው።

አለቀ ብዬ ነበር። ጥር በገባ በሁለተኛው ሳምንት አንድ ሰው መጋዘኔ መጣ። የስድስተኛ ክፍል ተማሪ አባት ነው።

«ደሳለኝ፣ የኔ ልጅ ዝርዝርህ ላይ በስሕተት ገብታለች። ዐሥራ ስምንት ዓመቷ ነው።»

ዝርዝሩን አየሁ። ዐሥራ ሦስት ይላል። «ላውጣትና መጽሐፉን ልስጣት?»

«ስጣት።»

«ነውር ያለበት መጽሐፍ ነው ተብሏል።»

«እውቀት ምን ነውር አለው? ስጣት፣ ስጣት።»

ሰማያዊውን ሰጠሁት። «ዕድሜዋ ዐሥራ ስምንት ስለሆነ ከዝርዝሩ ይውጣልኝ» የሚል ማመልከቻ ጻፍኩለት፣ አስፈረምኩት፣ አመስግኖኝ ሄደ። ሰርጉ መቼ ነው አላልኩትም። ወረቀቱን ለየትናየት ላክሁላት። በሦስተኛው ቀን ሌላ መጣ። ከዚያ ሁለት በአንድ ቀን፤ በሩ ላይ ተገናኝተው ስለ ዝናብ አወሩ። ሁሉም ትምህርት ወዳድ ናቸው። ሁሉንም ጠየቅሁ፣ አስፈረምኩ፣ መጽሐፍ ሰጠሁ፣ ወረቀቱን ላክሁ። የትናየት በየደጁ ሄደች፤ የኔታ በየደጁ ቈጠሩ። እኔ የማውቀው ሰርግ አንድ ነበር። አምስት ነበሩ። ከእነዚያ አራት ልጆች ከሁለቱ ጋር በየቀኑ ሰላም እንባባል ነበር፤ ጠመኔ እሰጣቸው ነበር። አልነገሩኝም። ምን ብለው ይንገሩኝ፤ ጠመኔ የሚሰጥ ሰው ምን ያደርጋል።

ይህን ሳስብ ነበር አመተ ማርያም የገባችው። በሩን ሳታንኳኳ ነው የገባችው።

«ጋሼ፣ ሰማያዊውን መጽሐፍ ለስድስተኛ ክፍል ልጅ ሰጥተዋል።»

«ሰጥቻለሁ።»

«ለኔስ?»

«አንቺ ዝርዝሩ ላይ ነሽ። ዐሥራ አራት ነሽ፣ በማኅተም።»

«እሷ ዐሥራ ሦስት ናት።»

«በወረቀት ዐሥራ ስምንት ናት። አባቷ ፈርሟል።»

አየችኝ። ኅዳር ላይ መጽሐፏን ስትመልስ የነበራት ፊት አልነበረም። ተናዳለች። ደስ አለኝ፤ አላሳየኋትም።

«እኔ እውነቱ ስለተጻፈልኝ ነው የምከለከለው?»

ቃለ ጉባኤውን አወጣሁ፤ ውሳኔው በእኔ በራሴ እጅ ተጽፏል፤ ጽሕፈቱ ያምራል።

«ሽፋኑ ላይ ከዐሥር እስከ ዐሥራ አራት ይላል፣» አለች።

«ይላል።»

«እና?»

ከመደርደሪያው አውርጄ ሰጠኋት። ደብተሯ ውስጥ አልደበቀችውም፤ በብብቷ ይዛ፣ ሽፋኑን ወደ ውጭ አድርጋ፣ በሜዳው መሀል ሄደች። የኮሚቴ ውሳኔ ጥሻለሁ፤ ይህን አውቃለሁ፤ መዝገቤ ላይም ስሟን በሙሉ ጽፌዋለሁ። ሊከሰኝ የሚችለው ሰብሳቢው ዋለ ነው። ይክሰሰኝ። ከሳሽ ሆኖ ሲቆም መጀመሪያ የሚጠየቀው የልጅቷን ዕድሜ ነው።